የዶሮ እግር ያለበት መስታወት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለፍንጭቱ፣

እጅህ አይቆረጥ፣ ዓይንህ አይድከም፣ የያዝከው አይሰበርብህ እያልኩ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አለን። ዘንድሮ «አለን» ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

ድምፄ ጠፋ ብለህ እንዳትቀየመኝ፤ የስልኩን ማማ መትተው ጥለውታል። ታጣቂዎቹ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ መድፍ ተክለዋል። ደግነቱ እውር ድንብራቸውን ነው የሚተኩሱት። የመጀመሪያው ወንዝ ይገባል፣ ሁለተኛው ማሳ ያርሳል፣ ሦስተኛው እስኪመጣ እኛ ምድር ቤት ገብተን ተቀምጠናል። ባለቤቴን ታውቀው የለ? ፀጉር ቤቱን አልዘጋም ብሎ «መድፈኛው ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ወርዶበት ነው፤ ይምጣና ልከርክመው» እያለ ደንበኛ ያስቃል።

እኔም መስታወት ቤቱን አልዘጋሁም። ሰው ሁሉ መስኮቱ ረግፎበት ወደኔ ይሮጣል። በሰው መከራ ገበያ ሲደራ ደስ አይልም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ብርዱ ሕፃን ሽማግሌ አይለይም። ተሸካሚዬ ጎንዮሽ እንደ ድሮው መስታወቱን ያደርስልኛል። ድልድዩ ላይ ነፋሱ መስታወቱን እንዳይነጥቀው በጎኑ በጎኑ ሲራመድ ሳየው ዛሬም ያስቀኛል። ሰላም በይልኝ ብሏል። ትንሽ ሳለህ በጎርፍ ጊዜ አዝሎ ያሻገረህን እንዳትረሳ፤ እሱ እንደሆነ በሄደበት ሁሉ ያወራዋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ መስታወት መቁረጫዬ ዶልዱሟል፤ ጫፉ አልማዝ የሆነ ላክልኝ። ሁለተኛ፣ ሰው «ልጅሽ እዚያ ምን ይሠራል?» ሲለኝ «መስታወት» እላለሁ፤ «ለመስታወት ነው እንዴ ባሕር የተሻገረው?» ብለው ይስቁብኛል። አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር ጻፍልኝ።

አክስትህ


ጥቅምት 29 ቀን

እናትም አባትም ለሆንሽኝ አክስቴ፣

ጣራሽ አያፍስ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ጋሼም ሳቁ አይንጠፍ። ደብዳቤሽን ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መቁረጫውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሥራዬ መስታወት ነው ማለትሽ ልክ ነው። ጋሼ ፀጉር ቤት ሁለቱ መስታወቶች ፊት ለፊት ተፋጠው የሚያሳዩትን ማለቂያ የሌለው መተላለፊያ ታስታውሺያለሽ? ልጅ ሳለሁ መጨረሻውን አያለሁ ብዬ አንገቴን ሳዞር ጋሼ በምላጭ ጆሮዬን ሊቆርጠኝ ነበር። ምስሉ እየራቀ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆንና ይጨልማል። ብርሃኑ በተመላለሰ ቁጥር መስታወቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚበላው ነው። እኛ የምንሠራት መስታወት ግን ሆዳም አይደለችም፤ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አትበላም። የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ሁለቱን አፋጠን መሀላቸው ጣት የምታክል ዘንግ እናስገባለን፤ ብርሃን ባለፈባት ቁጥር ጨምራ የምትሰጥ ዘንግ ናት። ብርሃኑ እዚያ ውስጥ ይታሰራል። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይጠነክራል። በመጽሐፍ ስሙ ሬዞናተር ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ «እስር ቤቱ» እንለዋለን።

የገባው ብርሃን ሁሉ ግን አይቆይም። ብርሃን ሞገድ ነው፤ የራሱ እርምጃ አለው። እርምጃው በሁለቱ መስታወት መሀል ልክ ከገባ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ተደራርበው ይበረታሉ። ልክ ካልገባ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ለክፈፉ ተርፎ የተቆረጠ መስታወት በግፊያ እንደማይገባልሽ ማለት ነው። ደግሞ መስታወቶቹን ጎድጎድ እናደርጋቸዋለን፤ ጠፍጣፋ ከሆኑ በፀጉር ያህል ሲያዘነብሉ ብርሃኑ በጎን ሾልኮ ያመልጣል። አንደኛዋን ሆን ብለን ትንሽ አሳላፊ እናደርጋታለን፤ በእሷ በኩል የሚወጣው ነው ሌዘር የሚባለው። ጭራሽ መስታወት የሌለው እስር ቤትም አለ። ጠብታ የምታክል ዶቃ ውስጥ ብርሃኑ በጠርዟ በጠርዟ ሲዞር ይኖራል፤ ክብ ግድግዳ ተጠግተሽ ብታንሾካሹኪ ማዶ ያለው ሰው እንደሚሰማሽ።

ለሚስቁብሽ ሰዎች እንዲህ በያቸው፦ ልጄ የሚሠራው ዓይን ያክማል። ብረት ይቆርጣል። በባሕር ሥር ወሬ ያደርሳል። ሽርፍራፊ ሰከንድ የማይስት ሰዓት ውስጥ አለ። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መርዘኛ አየር ያሸታል፤ ክንድ በምታክል ቱቦ ውስጥ ብርሃኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚመላለስ፣ ቅንጣት ጋዝ ብትኖር እንኳ መንገድ ላይ ታስቀረዋለች። ሌላም ሌላም ቦታ አለ።

አሁን ደግሞ ሳቂብኝ። እያንዳንዷ መስታወት ጠርዝ ላይ በአልማዝ መርፌ የዶሮ እግር እጭራለሁ፤ ሦስት ጭረት፣ ልክ እንደ አያቴ። ጠርዙ ለብርሃኑ ምኑም አይደለም። አለቃዬ በማጉያ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የቤታችን ምልክት ነው፤ የዶሮ እግር ያለበት ከተሰበረ መልሱልን፣ ያለ ክርክር እንተካለን» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ሳልጭር ልሸኛት ብል እጄ እምቢ ይለኛል።

ጎንዮሽን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ልጅሽ ፍንጭቱ


ታኅሣሥ 11 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ሌላ ምርቃት የለኝም፤ አልቋል።

ጋሼህ ሞቷል። ቁጭ በል። እኔ ቆሜ ነው የምጽፈው።

መድፉ መሳት ትቷል። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ የመጀመሪያው ነው የሚመታው። ሁለተኛ አይተኩሱም፣ አያስፈልጋቸውማ! ትምህርት ቤቱን በአንድ፣ የውሃ መሳቢያውን በአንድ። ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱን በአንድ። ደርሼ ሳይ ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሯል፣ ከጨርቁ በላይ ግን ምንም የለም። ባለቤቴ ምላጩን እንደያዘ በሁለቱ መስታወቶች ተከትፎ ወድቋል። ከፊቱና ከሆዱ ስብርባሪውን የለቀምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ያውቅበታል? አንዱ ስባሪ ላይ የዶሮ እግር ነበረ። ራሴ የቆረጥኩለት መስታወት ነው የቆራረጠው።

ሰፈሩ አብዷል። «ከመሀላችን ርቀት የሚለካላቸው አለ» ይላል ሁሉም። ሲፈልጉ ሲፈልጉ ጎንዮሽን ያዙት። መስታወት አዝሎ ድልድዩን ሲሻገር ብልጭታው ኮረብታው ድረስ ይታያል፤ እሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ መድፉ የሆነ ቦታ ይወድቃል። እኔን ጠየቁኝ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ድልድዩ መሀል ቆሞ መስታወቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ መሬት ሲያሳርፍ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ተናገርኩ። ውሸት አልጨመርኩም።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆልፈውበታል። እናቱ በሩ ላይ ኩርምት ብላ ትውላለች፤ በዚያ ሳልፍ ቀና ብላ አታየኝም። አንዳንዴ ሠላሳ ዓመት የተሸከመልኝን ሰው እንዴት እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የባለቤቴ ሆድ ትዝ ይለኝና በጥርሴ ብዘነጥለው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከመሀላችን ሰው ሳይለካላቸው፣ ኮረብታው ላይ ቆሞ ርቀት የሚናገር ነገር አለ ወይ? አንተ የብርሃን ሰው ነህ። አለ ካልክ ጎንዮሽ ዛሬውኑ ይፈታል። የለም ካልክ እኔው በእጄ እገድለዋለሁ። የሰፈሩ ሊቀመንበር ያንተን ደብዳቤ እስከ ጥር መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሏል። ፍጠን።

አክስትህ


ጥር 22 ቀን

ለተከበርሽው አክስቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በጋሼ ሞት በጣም አዝኛለሁ፤ ነፍስ ይማር፤ መጽናናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ እኔ ሁለት መስታወት የማፋጥጥ ተራ ሠራተኛ ነኝ። ኮረብታ ላይ ቆሞ ርቀት የሚናገር ነገር አላውቅም። ጎንዮሽን በተመለከተ እዚያ ያላችሁት እናንተ ትሻላላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ባይጻፍ ጥሩ ነው፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ሹራብና ሌላ መቁረጫ ልኬያለሁ። ሹራቡ ግራጫ ነው፤ ካልሆነሽ እጅጌው ይታጠፋል።

ፍንጭቱ


የካቲት 27 ቀን

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህን ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። «ኮረብታ ላይ ቆሞ ርቀት የሚናገር ነገር አላውቅም።» ድገሚው አሉኝ። ደግሜ ሳልጨርስ ድንጋዩ ተጀመረ።

ጎንዮሽን እጁን የፊጥኝ አስረው ድልድዩ ላይ አቁመውታል። የሚያውቀው ፊት ፈለገና እኔን አገኘ። «እትዬ፣ መስታወቱን እኮ ያሳረፍኩት ነፋስ ስለነበረ ነው» አለኝ። ታዲያ እኔ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? በብረት ማስመሪያዬ አፉን አልኩት። ጥርሱ ሲረግፍ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ያልመታ የለም፤ አሮጊት በምርኩዟ፣ ዳቦ ጋጋሪው በአካፋው። ሲያበቃ ፊት አልነበረውም። እናቱ የለየችው በትከሻው ነው፤ የመስታወት ገመድ ባደደረው ትከሻው። እኔ ቤቴ ገብቼ ማስመሪያዬን አጠብኩ። ቀለለኝ፤ አልዋሽህም፣ ቀለለኝ።

በስድስተኛው ቀን መድፍ ዳቦ ሰልፍ ላይ ወደቀ። አንድ። የመጀመሪያው። አሥራ አንድ ሰው በላ። የዳቦ ጋጋሪው እጅ ምድጃው በራፍ ላይ ሊጥ እንደያዘ ተገኘ። ያን ስንሰበስብ አንዲት ሴት «ሰላዩ ሞቶ የለ? አሁን ማን ለካላቸው?» አለች። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ባለፈው ሳምንት የኛ ወገን ኮረብታውን ያዘ። ወታደሮቹ ከሞተ ሰው አንገት የፈቱትን ዕቃ ይዘውልኝ መጡ፤ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ እንደ ሩቅ ማያ መነጽር ያለ። «አንቺ የመስታወት ሰው ነሽ፤ ክፈችና እዪው፣ ይጠገን እንደሆነ» አሉኝ። ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል ስላቸው «ቁልፉን ስትጫኚው ርቀቱን በቁጥር ይነግርሻል» አሉኝ። ዘንድሮ ሁሉም አለው አሉኝ። ስንት ሰዓት ነው ብዬ የጠየቅኳቸው ይመስል!

ብሎኑን ፈታሁ። ልክ አንተ እንደጻፍክልኝ ነው። ጣት የምታክል ዘንግ፣ በግራና በቀኝ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል መስታወት። አንተ ባትጽፍልኝ ምን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። አንዷ ተሰንጥቃለች። ማጉያዬን አነሳሁ። ጠርዟ ላይ ሦስት ጭረት።

አንተ ውሻ! አፌ አንተን ለመስደብ እስኪደክም ሰድቤሃለሁ፤ ከዚያ ያሳደግኩህ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝና ራሴን ሰደብኩ። ጋሼህን አንተ ገደልከው። ጎንዮሽን ሁለታችን ገደልነው፤ አንተ በብዕር፣ እኔ በብረት። ዝም አይነቅዝም አልከኝ። ነቅዟል ልጄ፤ መጥተህ አሽትተው።

አንድ ነገር ጻፍልኝ። ታውቅ ነበር ወይ? አላውቅም ነበር የምትል ከሆነ ግን ቀለምህን አታባክን።


መጋቢት 20 ቀን

አክስቴ፣

አውቅ ነበር።

ሰላምታና ምርቃት ከአፌ አይወጣም፤ ይቅር በይኝም አልልሽም፣ የይቅርታ አፍ የለኝም።

ከክረምቱ በፊት ከዓይን ሕክምናው ክፍል ወደ ምድር ቤት አወረዱኝ። እጅህ ጭምት ነው፣ እዚህ ታስፈልጋለህ አሉኝ። የምድር ቤቱ ሥራ ያ ያየሽው ዕቃ ነው። መጀመሪያ የሠራነውን ሰገነት ላይ ወጥተን ሞከርነው፤ ሩቅ ያለውን የውሃ ታንከር አየንበት፣ 1840 ሜትር አለ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። በዚህኛው እስር ቤት መሀል በር አለ። በሩ ሲዘጋ ብርሃኑ መመላለስ አይችልም፤ ዘንጓ ግን ኃይል ማጠራቀሟን አታቆምም። ጢም ብላ ልትፈነዳ ስትል በሩ በቅጽበት ይከፈትና የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ምት ይወጣል። ዓይን አያየውም። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ያን ምት ወደ ጋሼ ፀጉር ቤት ላከው፤ ግድግዳው መለሰለት፤ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ርቀቱን ነገረው። ጎንዮሽ ቢቆም ባይቆም ለውጥ አልነበረውም። ድልድዩ ላይ ሰው ባይኖርም ያው ነበር።

ሳጥኖቹ ላይ የሚሄዱበት ይጻፋል። መስከረም ላይ የኛን አገር ስም አየሁ። ጭሬ አሸግኩት። ለወዲህኛው ወገን ይሆናል ለወዲያኛው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ጥቅምት ላይ ያን ሁሉ ስጽፍልሽ ይህን ዘለልኩት። «ሌላም ሌላም» ያልኩሽ ይኸው ነው።

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ ማለቴም ውሸት ነው። ታኅሣሥ ሳያልቅ ደርሶኛል። መጀመሪያ እውነቱን ጻፍኩ፤ ጎንዮሽን ዛሬውኑ ፍቱት ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አለቃዬ «ደብዳቤያችሁን የሚያነብ አለ» ሲል ሰማሁ። ስገባ የፈረምኩት የምስጢር ወረቀት አለ። ደብዳቤውን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። ፈራሁ፣ አክስቴ። ሌላ ስም የለውም። በጎርፍ አዝሎ ያሻገረኝን ሰው ለአንድ ወረቀት ብዬ አሰጠምኩት።

ያንቺን ደብዳቤ ባነበብኩ ማግስት መዶሻ ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። ሃያ ሦስት እስር ቤት ሰበርኩ። አለቃዬ ሊይዘኝ ሲመጣ በመዶሻው ክንዱን ሰበርኩት፤ ሲጮህ ደስ አለኝ። ጥበቃዎቹ ይዘው ቀኝ እጄን በብረት በሩ መሀል አድርገው ዘጉት፤ ከፍተው ደግመው ዘጉት። ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶልኛል። ይህን የምጽፈው በግራ ነው፣ ለዚህ ነው ፊደሉ የሚንጋደደው። አሁን ከአገሩ ውጣ ብለው አንድ ወር ሰጥተውኛል።

ወዴት እንደምሄድ አንቺ ንገሪኝ። ና ካልሽ እመጣለሁ። አትምጣ ካልሽ ዳግመኛ ስሜን አትሰሚም። ይህን ግን አንብበሽ አቃጥዪው፤ ለራስሽ ስትዪ።

ፍንጭቱ


ሚያዝያ 14 ቀን

ፍንጭቱ፣

እጅህ አይቆረጥ ብዬ መርቄህ ነበር። ምርቃቴም እንደኔ አርጅቷል መሰለኝ።

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። የፊተኛውን ያነበብኩበት ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሜ ለዚያው ሰው አነበብኩት። መስታወቷንም ጭረቷን እዩ ብዬ ከእጅ ወደ እጅ አዞርኳት። ሊቀመንበሩ «ይበቃል፣ ያለፈ አልፏል» ብሎ ወረቀቱን ሊነጥቀኝ ሲል በማስመሪያው ጣቱን አልኩትና እስከ መጨረሻው ጨረስኩ። ድንጋይ ያነሳ የለም። ያን ጊዜ እንዴት ፈጣን ነበርን!

የጎንዮሽ እናት ከኋላ ቆማለች። ሄጄ ተንበረከክኩላትና ማስመሪያውን ሰጠኋት። «አፉን የመታሁት በዚህ ነው፤ ምቺኝ» አልኳት። መታችኝ። ጉንጬ ላይ፤ ሁለት መንጋጋ ጥርስ ወልቋል፣ ዓይኔም እስከ ዛሬ በደንብ አይከፈትም። ሁለተኛ አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ። «ይህ ምን ይመልስልኛል?» ብላ ጣለችውና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን ልከፍት ስመጣ ደጁ ላይ ቆማ አገኘኋት። ተከትላኝ ገባች። ከሻርፗ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ያችን የተሰነጠቀች ትንሽ መስታወት መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረቻት፤ ለካ ትናንት ከሰው እጅ ወስዳት ኖሯል። ማንበብ አትችልም። ጭረቱን ግን በጥፍሯ አሳየችኝ፤ ልጇ ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ምልክት ነው፣ እንዴት ይጠፋታል?

«የናንተ ነው?» አለችኝ።

«የኛ ነው» አልኩ።

«የዶሮ እግር ያለበት ከተሰበረ መልሱልን፣ ያለ ክርክር እንተካለን ትሉ የለ?»

«እንላለን።»

«እንግዲያው ተኩልኝ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ልዘጋ ስል ተነስታ ሄደች፤ በማግስቱ መጣች። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። አትሳደብም፣ አታለቅስም። ደንበኛ ሲገባ ወንበሯን ጠጋ ታደርግለታለች። እኔ እቆርጣለሁ፣ እለካለሁ፣ በተሰበረው አፌ ምን እንደምላት አላውቅም። አባቴ ሦስቱን ጭረት ሲያስተምረኝ ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ምን እንደሚባል አልነገረኝም።

ና ነው የምልህ። ስትመጣ ሰዉ ምን እንደሚያደርግህ አላውቅም፤ ድንጋይ ቢያነሱ በመሀል አልገባም፣ ከወዲሁ እወቀው። ግን ምልክቱን የጫርከው አንተ ነህ፤ ፊት ለፊቷ ቆመህ የምትላትን በላት። ስትጀምር ያን ጠዋት ድልድዩ ላይ ነፋስ እንደነበረ ንገራት። ከእኔ አፍ አልቀበልም ብላለች።

ቤቱን የምከፍተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እሷ ሁልጊዜ ቀድማኝ ትደርሳለች።

አክስትህ